ምዕራፍ ሰባት፦ ኮከብ የቆጠሩ ጣቶች

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ማታ ደጅ የተቀመጠ ልጅ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ማለት ሲጀምር ከትልልቆቹ አንዱ «ተው አንተ! ኪንታሮት ይወጣብሃል!» ብሎ መገሠጹ የተለመደ ነው። ከወራት በኋላ ጣቱ ላይ ጫፏ የሻከረ ደረቅ እብጠት ስትወጣ ልጁ ጥፋቱን ለማግኘት አይቸገርም፤ አንድ ቀን እንኳ ኮከብ ያልቆጠረ ልጅ የት ይገኛል?

አባባሉ ምክንያቱን ቢስትም የተወለደበት መንገድ ግን ይገባል። ኪንታሮት ቆዳ ውስጥ በገባበት ቀንና በታየበት ቀን መካከል ወራት ያልፋሉ። ማን አስያዘው፣ የት ያዘው፣ ማንም አያስታውስም፤ ስለዚህ ወቀሳው ትዝ ባለው ነገር ላይ ያርፋል። አጠፋፉም እንደ አመጣጡ ነው። የአብዛኛው ልጅ ኪንታሮት ቆይቶ ቆይቶ በራሱ ጊዜ ይሄዳል፤ በሄደበት ሰሞን የተቀባው ማንኛውም ነገር «ፍቱን መድኃኒት» ተብሎ ይሾማል። ስለ ኪንታሮት የቤት ውስጥ ሕክምና ማወቅ ያለብን ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ወቀሳውም ምስጋናውም ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ይወድቃል።

እዚህ የምናወራው በልጆች እጅና እግር ላይ ስለሚወጣው የቆዳ ኪንታሮት ብቻ ነው። በዚሁ ስም የሚጠራው የፊንጢጣ ሕመም ፈጽሞ ሌላ በሽታ ስለሆነ አንዱን ለሌላው በታሰበ መድኃኒት ማከም አይገባም።

በቆዳው ውስጥ ምን ይሆናል?

በ1907 እ.ኤ.አ. ጁሴፔ ቹፎ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ከኪንታሮት የወሰደውን ናሙና ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ አሳለፈ። የጠለለውን ፈሳሽ ወደ ሰው ቆዳ ሲያስገባው ኪንታሮት ወጣ። በማጣሪያው ያለፈው ነገር ከባክቴሪያ ያነሰ መሆን አለበት፤ ዛሬ ቫይረስ የምንለው ማለት ነው። ይህ ቫይረስ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ ባጭሩ ኤች ፒ ቪ ይባላል። እስካሁን ከ200 የሚበልጡ ዓይነቶቹ ታውቀዋል። እጅ ላይ የሚወጣውን ሻካራ ኪንታሮት በብዛት የሚያመጡት ዓይነት 2፣ 27 እና 57 ናቸው፤ ውስጥ እግር ላይ ዓይነት 1 ይጨመራል፤ ፊት ላይ የሚወጡትን ጠፍጣፋ ኪንታሮቶች ደግሞ ዓይነት 3 እና 10 ያመጣሉ።

ኤች ፒ ቪ ሲባል ብዙ ወላጅ የሚደነግጠው ከማኅፀን በር ካንሰር ጋር ስሙ አብሮ ስለሚነሣ ነው። ኢትዮጵያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የምትሰጠው ክትባት በዋናነት የሚከላከለው ዓይነት 16 እና 18ን ነው። የልጅዎ ጣት ላይ ያለው የእነዚህ የሩቅ ዘመድ ቢሆንም ወደ ካንሰር የሚሄድ አይደለም። ክትባቱም የጣት ኪንታሮትን ለማጥፋት የተሠራ ስላልሆነ ሁለቱን ጉዳዮች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ቫይረሱ የሚገባው በተጫረ፣ በተሰነጠቀ ወይም ውሃ ባራሰው ቆዳ ነው። ጥፍሩን የሚነክስ ልጅ በጥፍሩ ዙሪያ፣ ባዶ እግሩን በጋራ መታጠቢያ ቤት የሚመላለስ ልጅ ውስጥ እግሩ ላይ፣ ተንበርክኮ የሚጫወት ልጅ ጉልበቱ ላይ የሚወጣበት ለዚህ ነው። ከገባ በኋላ በላይኛው የቆዳ ንብርብር ሥረኛ ሕዋሳት ውስጥ ይሰፍርና ቆዳው ከልክ በላይ እንዲወፍርና እንዲደድር ያደርጋል። ይህ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ከዚያም የሚዘገይበት ጊዜ አለ።

ሰውነት ወራሪ ሲገባበት ቶሎ ይነሣል፤ ትኩሳቱም መቅላቱም የዚያ ምልክት ነው። የኪንታሮት ቫይረስ ግን ደም ውስጥ አይገባም፤ የሰፈረበትንም ሕዋስ ፈንድቶ እንዲሞት አያደርግም። ድምፁን አጥፍቶ እንደሚኖር፣ ኪራይ እንደማይከፍል ተከራይ ነው፤ ባለቤቱ መኖሩን እስኪያውቅ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። አንድ ቀን ግን የሰውነት መከላከያ ይነቃል። ያኔ አንዱ ብቻ ሳይሆን በሌላው እጅ ላይ ያሉት፣ ምንም ያልተቀቡት ጭምር፣ ተከታትለው ሲጠፉ ይታያል። ብዙዎቹ ሕክምናዎችም ከፊል ሥራቸው ይኸው ነው፤ ቆዳውን እያስቆጡ የተኛውን መከላከያ መቀስቀስ።

«ሥሩ ካልወጣ ተመልሶ ይበቅላል» የሚለው አባባል ብዙ ልጅ አስለቅሷል። ኪንታሮት ሥር የለውም። የሚኖረው በላይኛው የቆዳ ንብርብር ውስጥ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ቆዳ ይገፋዋል እንጂ አይወጋውም። መሐሉ ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦችም ኪንታሮቱን ሲመግቡ ቆይተው ደም የረጋባቸው እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። «ሥሩን ላውጣ» ብሎ በመርፌ የሚጎረጉር ወላጅ የሚያገኘው ደም፣ ቀጥሎም ጠባሳ ነው።

በእርግጥ ኪንታሮት ነው?

ከማከም በፊት መለየት ይቀድማል። ልጁን ብርሃን ወዳለበት መስኮት ያቅርቡና ቦታውን በስልክዎ ካሜራ አጉልተው ይመልከቱ። ጣታችን ላይ አሻራ የሚሠሩት ቀጫጭን መስመሮች ጤነኛ ቆዳ ላይ ሳይቋረጡ ያልፋሉ። ኪንታሮት ጋ ሲደርሱ ግን ይቋረጡና እብጠቱን ዞረው ይሄዳሉ። ላዩ ሻካራ ነው፤ ጥቁር ነጠብጣቦቹም ካሉ ጥርጣሬ አይኖርም።

ውስጥ እግር ላይ ከሆነ በጫማ ጥበት ከደደረ ቆዳ ጋር ይምታታል። እንዲህ ይሞክሩት፦ ከላይ ወደ ታች ሲጫኑት የሚያም ከሆነ የደደረ ቆዳ ሊሆን ይችላል፤ ከግራና ከቀኝ በሁለት ጣት ሲጨምቁት ይበልጥ የሚያም ከሆነ ወደ ኪንታሮት ያዘነብላል። ሆድ፣ ብብት ወይም ክንድ ላይ የወጡ፣ የሚያብረቀርቁ፣ መሐላቸው የተሰረጎዱ ትንንሽ ክብ ፍሬዎች ከሆኑ ግን ሞለስከም የሚባለው ሌላ ቫይረስ ያመጣቸው መሆናቸው አይቀርም። እነሱም በጊዜያቸው ይጠፋሉ፤ የኪንታሮት አሲድ ግን አይቀቡም። ቀለሙ ጥቁር ወይም ቡናማ የሆነ፣ የሚደማ፣ ቅርጹን የሚቀያይር ነገር ሁሉ ቤት ውስጥ ሳይነካ ለሐኪም ይታያል።

ምስጋናው ለማን?

እንዲህ ያለ ጭውውት በብዙ ቤት ይሰማል፦

«ልጄ፣ የፈረስ ጭራ ፈልጊና ጠበቅ አድርገሽ እሰሪለት።»

«እማዬ፣ ቢመረቅዝበትስ?»

«አንቺንስ ማን አዳነሽ? አስሬልሽ አይደል የረገፈው!»

አያቲቱ አልዋሹም። አስረዋል፤ ረግፏል። በዓይናቸው ያዩትን ነገር በክርክር ማስተው አይቻልም። ሳይታሰርስ ምን ይሆን ነበር የሚለው ጥያቄ ግን አልተጠየቀም፤ ሊጠየቅም አይችልም፤ አንድ ጣት ታስሮም ሳይታሰርም አይታይምና።

ይህ የእኛ አገር አያቶች ብቻ ነገር አይደለም። የዘመናዊ ሳይንስን የአሠራር መንገድ ካስተማሩት አንዱ የሆነው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፍራንሲስ ቤከን፣ በሞተ በዓመቱ በ1627 እ.ኤ.አ. በታተመ መጽሐፉ የራሱን ኪንታሮት ታሪክ ጽፏል። ወጣት ሆኖ ፓሪስ ሳለ ሁለቱ እጆቹ መቶ በሚያህሉ ኪንታሮቶች ተሸፈኑ። የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት በአሳማ ስብ ቁራጭ አንድ በአንድ አሸችለትና ስቡን ወደ ደቡብ በሚያይ መስኮት ላይ ቸነከረችው። በአምስት ሳምንት ውስጥ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት የኖረው ኪንታሮት ሳይቀር፣ ሁሉም ጠፉ። ማስረጃ ሳይኖር አትመኑ እያለ ዓለምን ያስተማረ ሰው እንኳ በገዛ እጁ ላይ ባየው ነገር ተደንቆ ነበር።

«ሳይታከምስ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ለማግኘት አንድን ጣት ትቶ ብዙ ልጆችን መቁጠር ያስፈልጋል። ማሲንግ እና ኤፕስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች በአንድ ተቋም ይኖሩ የነበሩ 1000 ልጆችን ለሁለት ዓመት ተከታትለው ውጤቱን በ1963 እ.ኤ.አ. አወጡ። ከኪንታሮቶቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ያለ ሕክምና ጠፍተዋል። ኔዘርላንድስ ውስጥ በሌይደን ከተማ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገ የቅርብ ጊዜ ጥናት ደግሞ ከሦስት ልጆች አንዱ ኪንታሮት እንዳለበትና ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንደሚጸዱ አሳይቷል።

አሁን የወላጁን መንገድ እናስብ። ኪንታሮቱ እንደታየ ማንም አይቸኩልም፤ «ይጠፋል» ይባላል። ከስድስት ወር በኋላ ነጭ ሽንኩርት ይሞከራል፤ አልሆነም። ቀጥሎ የሎሚ ጭማቂ፣ ቀጥሎ የጉሎ ዘይት፣ ቀጥሎ የጎረቤት ቅባት። ኪንታሮቱ የሚሄድበት ወር ሲደርስ ተራው የማን ነው? ያ ተረኛ ለዘላለሙ ይሾማል፤ የቀደሙት ሁሉ ይረሳሉ። ባልዋለበት ጦር ሜዳ የተሸለመ ጀግና ማለት ይኸው ነው።

ያልዋለውን መሸለም በራሱ ጉዳት የለውም፤ ልጁን የሚጎዳ መድኃኒት ሲሸለም ግን ነገሩ ይለያል። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት በገጠር ለኪንታሮት ይቀባል። ወተቱ ኃይል የለውም ማለት አይቻልም፤ ቆዳ ያቃጥላል። የዚሁ ቤተሰብ አባል ከሆነች አንዲት ትንሽ ተክል ወተት የተወሰደ ንጥረ ነገር በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፀሐይ ለጎዳው ቆዳ መድኃኒት ሆኖ ተፈቅዶ ነበር፤ አውሮፓ ውስጥ ግን የቆዳ ካንሰር ሥጋት ስለተነሣበት በ2020 እ.ኤ.አ. ከገበያ ወጥቷል። ተለክቶና ተመዝኖ የተዘጋጀው እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ከዛፉ ላይ እየተንጠባጠበ የሚቀባው ምን ያህል እንደሚያቃጥል አይታወቅም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ልጅ እጁን ዓይኑ ላይ ያደርጋል፤ የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ሲገባ ብርሃን እስከ ማሳጣት የሚደርስ ቁስለት ያመጣል።

ነጭ ሽንኩርት ወጥ ውስጥ እንደሚታወቀው የዋህ አይደለም። ተቀጥቅጦ በፕላስተር ታስሮ ሲያድር ልክ እሳት እንደነካው ቆዳ ውሃ ይቋጥራል፤ በዚህ ምክንያት ሐኪም ቤት የደረሱ ልጆች አሉ። ኮምጣጤም ታስሮ ሲቆይ እንዲሁ ነው። በፈረስ ጭራ ወይም በክር ማሰር ቆዳውን ያቆስላል፤ ቁስሉ ደግሞ ለሌላ ጀርም በር ይከፍታል። በምላጭ መቁረጥ ከዚህም ይብሳል፤ መቁረጡ ቫይረሱን በዙሪያው ይዘራዋል፤ ምላጩ ሌላም ሰው ከነካ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስም ይታከሉበታል። የድንች ልጣጭ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የጉሎ ዘይት ብዙ ጊዜ አይጎዱም፤ ማዳናቸው ግን አልታየም። አያት ደስ እንዲላቸው የድንች ልጣጭ ቢያሹለት ክፋት የለውም፤ ቁልቋል ሲሉ ግን በአክብሮት እምቢ ማለት ይገባል።

የምሽቱ ሥራ

መታከም ግዴታ አይደለም። ኪንታሮቱ የማያምና ልጁን የማያሳፍር ከሆነ መጠበቅ ራሱ ሕክምና ነው፤ ሐኪሞችም ይህን ይመክራሉ። ሲራመድ የሚያመው ከሆነ፣ እርሳስ ሲይዝ ከጎረበጠው፣ እየበዛ ከሄደ ወይም የክፍል ጓደኞቹ እጁን አንይዝም ካሉት ግን ቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችል፣ ማስረጃ ያለው ነገር አለ፤ ሳሊሲሊክ አሲድ።

ሳሊሲሊክ አሲድ የደደረውን ቆዳ የሚያያይዘውን እየፈታ ንብርብር በንብርብር ያነሣዋል፤ እግረ መንገዱንም ቆዳውን በመጠኑ ያስቆጣዋል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመረምር ዓለም አቀፍ ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ስለ ኪንታሮት ሕክምና 85 ጥናቶችን መርምሮ፣ ሳሊሲሊክ አሲድ ተአምር ባይሠራም ከማስመሰያ ቅባት የተሻለ እንደሚያድን አረጋግጧል። ለኪንታሮት የሚሆነው ከ15 እስከ 20 በመቶ ያለው ፈሳሽ ወይም ቅባት ነው፤ ለወፍራም የውስጥ እግር ኪንታሮት 40 በመቶ ያለው ፕላስተርም አለ። ውጭ ያለ ዘመድ ከሚልካቸው ውስጥ ኮምፓውንድ ደብሊው በሚል ስም የሚሸጠው ፈሳሽ 17 በመቶ አለው። በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው የዊትፊልድ ቅባትም ሳሊሲሊክ አሲድ አለበት፤ ይሁንና 3 በመቶ ብቻ ነው። እሱ ለቋቁቻና ለመሳሰሉት የፈንገስ ሕመሞች የተዘጋጀ ስለሆነ ኪንታሮትን አያነቃንቅም። «ሳሊሲሊክ ቀባሁለት፣ አልሠራም» የሚል ወላጅ መጀመሪያ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማየት አለበት።

ሥራው ማታ ከመኝታ በፊት ቢሆን ይመቻል፤ እግር ለመታጠብም ሰዓቱ ነው። በትንሽ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ ያዘጋጁና እጁ ወይም እግሩ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይዘፍዘፍ። ልጁ አንድ ተረት እስኪሰማ ማለት ነው። ከውሃው ሲወጣ ኪንታሮቱ ነጣ ብሎ ይለሰልሳል። ያንን የለሰለሰ ነጭ ቆዳ በጥፍር ሞረድ ቀስ አድርገው ይፈግፍጉት። ልጁ «አመመኝ» ሳይል፣ ደም ሳይታይ ማቆም ነው። ያ ሞረድ የዚያ ኪንታሮት ብቻ ይሁን፤ የቤተሰቡ ጥፍር አይነካበትም፤ የወረቀት ሞረድ ከሆነም ቶሎ ቶሎ ይጣላል።

ቀጥሎ ቦታውን በደንብ ያድርቁና በኪንታሮቱ ዙሪያ ባለው ጤነኛ ቆዳ ላይ ቫዝሊን በክብ ይቀቡ። አሲዱ ጤነኛውን ቆዳ እንዳይበላ አጥሩ ያ ነው። ከዚያ በክብሪት እንጨት ጫፍ ወይም በጠርሙሱ መቀቢያ አንዲት ጠብታ ኪንታሮቱ ላይ ብቻ ያኑሩ። ሲደርቅ ነጭ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ በላዩ ፕላስተር ቢለጠፍ ይበልጥ ይሰርጋል። ፈሳሹ ብዙ ጊዜ በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ ስለሆነ ሻማ ወይም የከሰል ምድጃ አጠገብ አይከፈትም፤ ጠርሙሱም ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል።

ይህ በየማታው ይደገማል፤ እስከ 12 ሳምንት። ቆዳው ከቀላ፣ ከተላጠ ወይም ልጁ ካቃጠለው ሁለት ሦስት ቀን ያሳርፉትና ይቀጥሉ። የብዙ ቤት ሙከራ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ሳምንት ተቀብቶ ለውጥ ሲጠፋ ጠርሙሱ መሳቢያ ውስጥ ይረሳል። ኪንታሮቱን ከሳንቲም አጠገብ በየሁለት ሳምንቱ ፎቶ ማንሣት ይረዳል፤ በየቀኑ ለሚያይ ዓይን የማይታይ መቀነስ ፎቶው ላይ ይታያል።

የማይቀባበት ቦታና የማይቀባው ልጅም አለ። ፊት፣ ከንፈርና ብልት አካባቢ አይነካም፤ የተወለደበት ምልክት ወይም የማርያም ስም ላይ አይቀባም፤ የቆሰለ ቆዳ ላይ አይደረግም። የስኳር በሽታ ያለበት ወይም እግሩ ላይ የመደንዘዝ ችግር ያለበት ልጅ ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምርም። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሆንም፤ ገና ትምህርት ቤት ላልገባ ልጅ ደግሞ ባለሙያ ሳይጠየቅ አይደረግም።

የግራጫው ፕላስተር ታሪክ

በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ወላጆችን ሁሉ አስደሰተ። ተመራማሪዎቹ ቧንቧና ካርቶን የሚታሸግበትን፣ ዳክት ቴፕ የሚባለውን ግራጫ ጠንካራ ፕላስተር በልጆችና በወጣቶች ኪንታሮት ላይ ለጠፉ። ስድስት ቀን ሳይነሣ ይቆያል፤ በስድስተኛው ቀን ማታ ይነሣና ቦታው ተዘፍዝፎ ይፈገፈጋል፤ ሌሊቱን አየር አግኝቶ ጠዋት ሌላ ይለጠፋል። እንዲህ እየተባለ እስከ ሁለት ወር። ከ26ቱ ታካሚዎች የ22ቱ ኪንታሮት ጠፋ፤ በቅዝቃዜ ከታከሙት 25 ደግሞ የ15ቱ። ከመቶ ሲሰላ 85 ለ60 ነው። የዕቃ መደብር ፕላስተር የሐኪም ቤቱን ሕክምና በለጠ ተብሎ ወሬው ዓለምን ዞረ።

ከአራት ዓመት በኋላ ኔዘርላንድስ ውስጥ 103 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ተሞከረ። በስድስት ሳምንት ፕላስተሩ ከተለጠፈላቸው 16 በመቶ፣ ማስመሰያው ከተደረገላቸው ደግሞ 6 በመቶ ዳኑ፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው የማይበልጥ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. 90 ጎልማሶች ላይ የተደረገ ሌላ ሙከራ ምንም ልዩነት አላገኘም። ይሁንና በዚህኛው ሙከራ የተጠቀሙት ብርሃን አስተላላፊውን የዳክት ቴፕ ዓይነት ነበር፤ ሙጫው ከግራጫው ይለያል፤ ክርክሩም በዚህ ምክንያት ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም።

ታዲያ ይለጠፍ ወይስ አይለጠፍ? ርካሽ ነው፤ አያምም፤ መዘፍዘፉና መፈግፈጉ ራሱ የደደረውን ቆዳ ያሳሳል። ቆዳው የማይቆጣበት ልጅ ቢሞክረው አይጎዳም። የመጀመሪያው ጥናት ላይ የተጻፈውን 85 በመቶ ግን ማንም ተስፋ ማድረግ የለበትም፤ ጥቂት ሰዎች ላይ የተገኘ ድንቅ ውጤት ሲደገም መኮሰሱ የተለመደ ነው።

ሐኪም ቤት ምን ይጨምራል?

የቆዳ ሐኪም ዘንድ የሚታወቀው ሕክምና ኪንታሮቱን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ ውስጥ 250 ታካሚዎችን በሦስት ከፍሎ ያወዳደረ ጥናት ለዚህ ጥሩ መለኪያ ይሰጠናል። በ13 ሳምንት ውስጥ የእጅና የመሳሰሉት ተራ ኪንታሮቶች ከቀዘቀዘላቸው 49 በመቶ፣ ሳሊሲሊክ አሲድ ከተቀቡት 15 በመቶ፣ ዝም ብለው ከጠበቁት 8 በመቶ ዳኑ። ውስጥ እግር ላይ ግን ቅዝቃዜው 30፣ አሲዱ 33፣ መጠበቁ 23 በመቶ ነበር፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የእጅ ኪንታሮት ያስቸገረውና ሕመሙን የሚችል ትልቅ ልጅ ለቅዝቃዜ ቢሄድ ያዋጣዋል። ውስጥ እግሩ ላይ ለወጣበት ልጅ ግን የሕመሙ ዋጋ የሚመለስ አይመስልም። ትንሽ ልጅን በጉልበት ይዞ ማቀዝቀዝ ደግሞ ኪንታሮቱ ከሄደ በኋላም የሚቀር የሐኪም ፍርሃት ያተርፋል።

ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት ያለበት ሌላ ነው። ፊት ወይም ዓይን አካባቢ የወጣ፣ የሚደማ ወይም መግል የያዘ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጅግ የተባዛና የተስፋፋ ኪንታሮት ይታያል። የኋለኛው አንዳንድ ጊዜ የሰውነት መከላከያ መዳከሙን ይጠቁማል። ብልት ወይም ፊንጢጣ አካባቢ የወጣ ደግሞ ያለ ምንም ማመንታት ለሐኪም ይነገራል። ከእጅ ወይም ከእናት ሊተላለፍ ይችላል፤ ልጁ ተደፍሮም ሊሆን ይችላል፤ ይህን በጥንቃቄና ያለ ጩኸት የሚመረምረው ባለሙያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው፤ መነሻው ግን ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ነው፤ ሪፈር የሚጽፈውም እሱ ነው።

በቤትና በትምህርት ቤት

ኪንታሮት ያለበትን ልጅ ከትምህርት ቤትም ከጨዋታም ማስቀረት አያስፈልግም። ከሦስት ልጆች አንዱ ላይ የሚገኝን ነገር በማግለል ማቆም አይቻልም። ማድረግ የሚገባው ጥቂት ነው፤ ፎጣው የብቻው ይሁን፤ በጋራ መታጠቢያና ዋና ገንዳ ዙሪያ ነጠላ ጫማ ያድርግ፤ እዚያ ሲሄድም ኪንታሮቱ በፕላስተር ይሸፈን፤ ጥፍሩን መንከስና ኪንታሮቱን መቦጨቅ ይተው። መቦጨቁ ነው አንዱን ኪንታሮት አምስት የሚያደርገው፤ በአፍ ሲነካ ደግሞ ከንፈር ላይ ይወጣል። እናት ወይም አባት ሕክምናውን ሲጨርሱ እጃቸውን ይታጠቡ።

ለልጁ ራሱ የሚነገረውም ቀላል ነው፤ ቆሻሻ ስለሆነ፣ ስላጠፋ ወይም ስለቆጠረ አይደለም የወጣበት። ትንሽ ቫይረስ ነው፤ ብዙ ልጆች ይይዛቸዋል፤ ይጠፋል። ፎቶውን ራሱ ቢያነሣ፣ ቫዝሊኑን ራሱ ቢቀባ ሦስት ወሩ ይቀልለታል።

ሕክምናው መቼ ይቆማል? እብጠቱ መውረዱ ብቻ አይበቃም። ቆዳው ሜዳ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣቦቹ ጠፍተው፣ የአሻራው መስመሮች ተቋርጠው በነበሩበት ቦታ ላይ ሳይዞሩ በቀጥታ ሲያልፉ ያኔ ጨርሷል። ቀድሞ ከተቆመ በተረፈው ጥቂት ሕዋስ ይመለሳል። ከዚያ በኋላም ለአንድ ሁለት ወር አልፎ አልፎ ቦታውን ማየት ነው።

ጎረቤት «ምን ቀብታችሁለት ዳነ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ የቀባችሁትን ብቻ አትንገሩት፤ ስንት ወር እንደቆየ፣ ከዚያ በፊት ምን ምን ሞክራችሁ እንዳልሆነ፣ ያልተቀባው የሌላ እጁ ኪንታሮት አብሮ ጠፍቶ እንደሆነም ንገሩት። መድኃኒቱና ጊዜው የየድርሻቸውን ምስጋና የሚያገኙት እንዲህ ሲነገር ነው፤ የጎረቤት ልጅም ከቁልቋል ወተት ይተርፋል።